በአዲስ አበባ አየር ውስጥ ያሉት ብረቶች ይለኩልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ፣ ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ ለከተማው ነዋሪ
ጉዳዩ፦ ከተሽከርካሪ በሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ውስጥ ያሉ ብረቶች ተለክተው ለሕዝብ እንዲገለጹ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በቃላቸው ያጠናሉ። መዳቡ፣ ዚንኩ፣ ባሪየሙና እርሳሱ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ነገር ይመስላቸዋል። ከትምህርት ቤቱ በር ወጥተው ለታክሲ ሲሰለፉ እነዚያኑ ንጥረ ነገሮች ወደ ሳንባቸው ይስባሉ። ምን ያህል? የትኛው ሰፈር ይብሳል? ከየትኛው የመኪና ክፍል ነው የሚመጣው? በየጊዜው ወጥቶ ማንም ነዋሪ አንብቦ የሚረዳው መረጃ ፈልጌ ስላላገኘሁ ጥያቄውን ለእናንተ በአደባባይ ላቀርብ ወሰንሁ።

ደቃቅ ብናኝ የምለው በሙያው ፒኤም 2.5 የሚባለውን ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያንሳል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይዘው ያስቀሩታል። ይህኛው ግን አልፎ ሳንባ ውስጥ ካሉት የአየር ከረጢቶች ይደርሳል፤ ከመካከሉ እጅግ የደቀቀው ወደ ደም ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን ሲከልስ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ቀድሞ የነበረው ምክር 10 ነበር። ገደቡ በግማሽ የወረደው በአነስተኛ መጠንም ቢሆን ብናኙ ሰው እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ በየዓመቱ እየተከማቸ ስለመጣ ነው።

የእኛ ከተማ ከዚህ ቁጥር በጣም ርቃለች። ከ2008 ኅዳር አንስቶ ለአንድ ዓመት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በየስድስት ቀኑ ናሙና እየተወሰደ በተካሄደው ጥናት የደቃቅ ብናኙ አማካይ 54 ማይክሮ ግራም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ካለው የዓለም መመሪያ አሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው የብናኙን ምንጭ ሲለዩ ትልቁን ድርሻ፣ ከሩብ በላይ የሚሆነውን፣ ለተሽከርካሪ ሰጥተዋል። የማገዶና የከሰል ጭስ፣ ከዚያም የአፈር አቧራ ይከተላሉ። ይህን የመሰለ ሥራ በአገር ልጆች እጅ፣ በከተማችን እምብርት ላይ ተሠርቶ ማየቴ ያኮራኛል። የሚያሳዝነኝ ውጤቱን በየጊዜው የሚያድስ ልኬት ፈልጌ አለማግኘቴ ነው።

በዚያ ላይ ከ2017 የካቲት ማብቂያ ወዲህ አንድ የለመድነው መረጃ ቀርቶብናል። የአሜሪካ ኤምባሲ እንጦጦ መንገድ ካለው ግቢው ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የብናኙን መጠን በየሰዓቱ ለሕዝብ ያወጣ ነበር። የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዓለም ዙሪያ ባሉ ኤምባሲዎቹ የሚያካሂደውን ይህን ሥርጭት በበጀት ምክንያት አቋርጦታል። የሌላ አገር መንግሥት የራሱን ሠራተኞች ለመጠበቅ ባቆመው መሣሪያ ላይ ተደግፈን የራሳችንን ልጆች አየር ስናውቅ ኖረናል። የራሳችን የሆነ፣ የማይቋረጥ ልኬት የሚያስፈልገን ጊዜ አሁን ነው። አዲስ ሥራ ሲጀመር ደግሞ ከቀድሞው በተሻለ መንገድ መጀመር ይቻላል።

የኤምባሲው ልኬት ጉድለት ምን ነበር? ልኬቱ ክብደት ብቻ መሆኑ ነው። ክብደት ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ስለ አየር ምንም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በርበሬ የምትገዛ እናት ሚዛኑ ልክ መሆኑን አይታ ብቻ አትመለስም። ሸክላ ተፈጭቶ ተደባልቆበት እንደሆነ ለማወቅ በጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትቀምሰዋለች። ሃያ ማይክሮ ግራም የማሳ አፈርና ሃያ ማይክሮ ግራም የፍሬንና የናፍጣ ብናኝ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ሳንባ ውስጥ ግን ሥራቸው ይለያያል።

ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ የሚያሳምነኝ በአሜሪካ ዩታ ሸለቆ የሆነው ነው። በዚያ ጄኔቫ የሚባል የብረት ፋብሪካ ነበር። በሥራ ውዝግብ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1986 ኦገስት እስከ 1987 ሴፕቴምበር ድረስ ተዘጋ። አርደን ፖፕ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁር የሆስፒታሎቹን መዝገብ ሲመረምሩ ፋብሪካው በሚሠራባቸው የብርድ ወራት በብሮንካይትስና በአስም የሚተኙ ሕፃናት ቁጥር ከተዘጋበት ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑን አገኙ። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በእነዚያ ዓመታት ብናኝ የተያዘባቸው ማጣሪያዎች አልተጣሉም ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የአካባቢ ጥበቃ ተመራማሪዎች ማጣሪያዎቹን ከመጋዘን አውጥተው ብናኙን በውኃ አሟሙተው መረመሩት። ፋብሪካው ሲሠራ የተያዘው በዚንክ፣ በመዳብና በብረት የበለፀገ ነበር፤ ሲዘጋ የተያዘው ግን እነዚህ ያነሱት ነበር። ከሁለቱም እኩል ክብደት ወስደው በፈቃደኛ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ሲጨምሩ የመጀመሪያው ሳንባን አስቆጣ፤ ሁለተኛው አላስቆጣም። ክብደቱ አንድ ሆኖ ጉዳቱ የተለየው በውስጡ ባሉት ብረቶች ነው።

ፋብሪካና መኪና አንድ አይደሉም፤ አውቃለሁ። የብረቶቹ ባሕርይ ግን ቦታ አይመርጥም። መዳብና ብረት ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሮን እየተቀበሉና እየሰጡ ሕዋስን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውሁዶችን ደጋግመው ያመነጫሉ፤ ራሳቸው ግን አያልቁም። የኒኬል ውህዶች፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክና ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ካንሰር አምጪ መሆናቸው በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ከተረጋገጠ ቆይቷል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን፣ በ2013 ደግሞ የውጭ አየር ብክለትንና ብናኙን ራሱን በዚሁ መደብ አስገብቷቸዋል። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በሜክሲኮ ሲቲና በማንችስተር የኖሩ ሰዎችን አንጎል መርምረው ድቡልቡል የማግኔታይት ቅንጣቶች አግኝተዋል። ቅርጻቸው ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ዓይነት ሳይሆን በከፍተኛ ሙቀት ተፈጥሮ ከከተማ አየር የሚገኘውን ዓይነት ነው።

እነዚህ ብረቶች ከመኪና የሚወጡት ከየት ከየት እንደሆነ ላስረዳ። ሰው የመኪና ብክለት ሲባል በማርሚታ በኩል የሚወጣው ጥቁር ጭስ ብቻ ይታየዋል። ከማርሚታው ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ብናኝ አለ፤ በተለይ ለእኛ ከተማ እሱን ማብራራት እፈልጋለሁ።

ፍሬን ሲያዝ ሸራው ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋል። መኪናው የቆመው ሁለቱ ስለተፋቁ ነው። የተፋቀው የሚሄድበት አለው፤ ከፊሉ ቸርኬው ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ አስፋልት ላይ ይረግፋል፣ ጥቂት የማይባለው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሸራው ውስጥ ብረት አለ። ሙቀት እንዲያስተላልፍ መዳብ ይጨመርበታል፣ ፍትጊያው ወጥ እንዲሆን የአንቲሞኒ ውህድ ይገባበታል፣ መሙያው ደግሞ ባሪየም ሰልፌት ነው። በተራ አፈር ውስጥ መዳብና አንቲሞኒ አብረው በዚህ መጠን ስለማይገኙ በከተማ አየር ውስጥ ሁለቱ አብረው ከፍ ሲሉ ያየ ተመራማሪ የፍሬን አሻራ መሆኑን ያውቃል።

አዲስ አበባ የቁልቁለት ከተማ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ አናት ተነስታ አቃቂ ላይ ስትደርስ 2,100 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ከሱሉልታ መጥቶ እንጦጦን የሚወርድ የጭነት መኪና አዲሱ ገበያ እስኪደርስ እግሩ ከፍሬን አይነሳም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደውም እንዲሁ ነው። ሚኒባሱ ደግሞ በሜዳውም ላይ ቢሆን «ወራጅ አለ!» በተባለ ቁጥር ይቆማል፤ ገና ሳይራመድ ተሳፋሪ አይቶ እንደገና ይይዛል። ሜዳ ላይ ባሉ ከተሞች የተሠሩ ጥናቶች የፍሬንን ድርሻ የሚገምቱበት ቁጥር እዚህ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። እኛ ዘንድ ከፍ እንደሚል ለመገመት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ በቁጥር ለማረጋገጥ ግን መለካት ግድ ነው።

ጎማው ሌላው ምንጭ ነው። የጎማ ፊት ሲመረት ላስቲኩ እንዲጠና ዚንክ ኦክሳይድ ይጨመርበታል፤ ከክብደቱ አንድ በመቶ ገደማ ዚንክ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ልሙጥ ሆኖ የሚጣለው ጎማ ሲገዛ የነበረው ጥርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ዚንክ ከሞተር ዘይትም ይመጣል፤ ሞተሩ እንዳይበላ የሚጨመረው ማጠናከሪያ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ነው። «ዘይት ይበላል» የሚባል ያረጀ ሞተር በሰማያዊ ጭሱ ውስጥ እሱን ይዞ ይወጣል። ሞተሩ ራሱ ሲፋቅ ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል ይሰጣል። የጭስ ማጣሪያው፣ መካኒኮች ካታሊስት የሚሉት፣ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም በጥቂቱ ቢያራግፍም ከሱ የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። ተፈቶ ተሽጦ ቦታው ባዶ ቱቦ የተተካበት አሮጌ መኪና ግን በየመንገዱ አለ፤ ጋራዥ የሚውል ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከፍታችንም ይጨምርበታል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ነዳጁን አሟልቶ አያቃጥልም፤ ሰውም ተመሳሳይ ኦክስጅን ለማግኘት ብዙ አየር ይስባል። በበጋ ማለዳ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከመሬት ተጣብቆ ስለሚያድር የወጣው ብናኝ እስከ ረፋድ ድረስ አይበተንም።

ስለ እርሳስ ለብቻው ልናገር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመተው ተስማምተው እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ተላቀውታል። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በ2021 አቆመች። ይህ በዘመናችን ከታዩት ታላላቅ የሕዝብ ጤና ድሎች አንዱ ነው። እርሳስ ግን አይበሰብስም። በለንደን ይህ ቤንዚን ከገበያ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ በታተመ ጥናት በአየር ላይ ካለው እርሳስ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከዚያው ከድሮው ቤንዚን የተረፈ መሆኑ ታውቋል። ድሮ አፈር ላይ አርፎ የነበረው በጎማና በነፋስ እየተነሳ ይመለሳል። የእኛም ዋና ዋና ጎዳናዎች ለአሥርተ ዓመታት እርሳስ ያለበት ጭስ ሲያርፍባቸው ኖረዋል። ዛሬ በኮሪደር ልማቱ የነዚሁ ጎዳናዎች ዳርና ዳር ተቆፍሯል፤ ገና የሚቆፈርም አለ። ለእግረኛ የተገኘው ሰፊ መንገድ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሄድበታለሁ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አፈሩ ለእርሳስ እንዲመረመር፣ ሲቆፈርም ውኃ እንዲርከፈከፍበት፣ የወጣው አፈር የትም እንዳይደፋ መጠየቅ ግን ልማቱን መቃወም አይደለም። ለሕፃን ልጅ ደም «ይህን ያህል እርሳስ ቢኖር ችግር የለም» የሚባል መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ፣ ከዚያ ቀደምም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ መጣሉ ጥሩ እርምጃ ነው። በዓለም እንዲህ ያለውን ክልከላ ያወጀ ሌላ አገር አልነበረም። ከዚህ ተነስቶ «የአየሩ ጉዳይ ራሱ በራሱ ይፈታል» የሚል ሐሳብ ሲነገር ግን እሰጋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም። ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ የፍሬን ብናኙም ያንሳል፤ ለቁልቁለታችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ግን ጎማው የሚፋቀው አይቀንስም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ደግሞም እኛ አገር መኪና አይጣልም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሃይሉክስና አይሱዙ ዛሬም እህል ይጭናል፤ ክልከላው የሚመለከተው የሚገባውን እንጂ የገባውን አይደለም።

ሌሎች የጀመሩትን ማየት ይጠቅማል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ በፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው መዳብ ከ2021 ጀምሮ ከ5 በመቶ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከግማሽ በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ምክንያቱ ከመንገድ በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ የሚገባው መዳብ ዓሣዎችን መጉዳቱ ነበር። እዚህ ላይ የአቃቂ ወንዝ ይታወሰኛል። ክረምት ሲገባ ከከተማው አስፋልት ታጥቦ የሚወርደው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው፤ በዚያ ውኃ የሚበቅለውን ጎመንና ሰላጣ ደግሞ የምንበላው እኛው ነን። የአውሮፓ ኅብረት ከዚህ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 በተባለው ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍሬን ብናኝ ላይ ገደብ አስቀምጧል። የነዳጅ መኪና በኪሎ ሜትር ከ7 ሚሊ ግራም፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከ3 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይረጭ የሚያዝዝ ሲሆን በአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ላይ የሚሠራው ከ2026 ኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ነው። ኅብረቱ በአየር ውስጥ ላሉት ብረቶችም ለየብቻ ቁጥር አለው፤ በሜትር ኪዩብ ለአርሰኒክ 6፣ ለካድሚየም 5፣ ለኒኬል 20 ናኖ ግራም። የእኛ ልጆች ሳንባ ከእነሱ ልጆች የጠነከረ አይደለም።

የምጠይቀውን ላቅርብ። ዋናው የአየር ብናኝ የሚያዝበት ማጣሪያ ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

ብርሃን በትነው ብናኝ የሚገምቱት ትንንሽ መለኪያዎች ለዕለት መረጃ ይበቃሉ፤ መዳቡን ከሸክላ አፈር ግን አይለዩም። ለዚያ የሚያስፈልገው ጥንታዊ የሚባል ቀላል ዘዴ ነው። የታወቀ መጠን ያለው አየር ለ24 ሰዓት በቴፍሎን ማጣሪያ ውስጥ በፓምፕ ይሳባል፤ ማጣሪያው ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ በረቂቅ ሚዛን ይመዘናል። ከዚያ በኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ይመረመራል። ኤክስ ሬዩ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጨረር ስለሚመልስ ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ባሪየም፣ እርሳስ በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። ማጣሪያው አይበላሽም። መሣሪያው የማዕድን ናሙና ለመመርመርም የሚያገለግል የተለመደ መሣሪያ ነው። የሚያስፈልገው ስምምነት፣ ንጹሕ አያያዝና ሥራውን በየሳምንቱ የማያቋርጥ ሰው ነው።

የናሙና ቦታዎቹን በተመለከተ አንዱ ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ይሁን፤ ፍሬኑ የሚታየው እዚያ ነው። አንዱ መገናኛ፣ ታክሲና አውቶቡስ ሲቆሙና ሲነሱ በሚውሉበት ይሁን። ከጂቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች በሚገቡበት ቃሊቲ አንድ ይኑር። ከእነዚህ ጋር ለማነጻጸር በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ከመንገድ ርቆ አንድ ይቀመጥ። የአራቱ ልዩነት የትኛው ብረት ከተሽከርካሪ፣ የትኛው ከአፈራችን እንደሆነ ይነግረናል፤ የኢትዮጵያ አፈር በብረት የበለፀገ በመሆኑ ይህ ማነጻጸሪያ ከሌለ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ውጤቱ በየሦስት ወሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንም በሚረዳው ቋንቋ ይውጣ።

የላቦራቶሪ በጀቱ ዘንድሮ ባይገኝ እንኳ ማጣሪያዎቹ ከተመዘኑ በኋላ እንዳይጣሉ እለምናለሁ። ቀንና ቦታ ተጽፎባቸው፣ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጠው ይቆዩ። የዩታ ማጣሪያዎች ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጠው ነው ምስክር የሆኑት። አሮጌዎቹ መኪኖች ከኤሌክትሪክ ጋር ተቀላቅለው በሚሄዱበት በዚህ ጊዜ የተያዘ ማጣሪያ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም፤ ለውጡ ምን እንዳመጣም በቁጥር ማሳየት የሚችል አይኖርም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ፍሬን ሸራ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሸራ ብትጠይቁ ዋጋው የተለያየ፣ ማሸጊያው አንድ የሚመስል ብዙ ዓይነት ይቀርብላችኋል። በውስጡ ምን እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ የለበትም፤ ሻጩም አያውቅም፣ ገዢውም አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለሸራ ደረጃ ሲያወጣ ወይም ሲከልስ የማቆም ብቃቱን ብቻ ሳይሆን የመዳቡን መጠንና አስቤስቶስ አለመኖሩን እንዲጨምር፣ አስመጪም ይህንኑ በማሸጊያው ላይ እንዲያሳይ ይደረግ። የታክሲ ባለንብረት ርካሹን የሚገዛው ስለማይገደው አይደለም፤ የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ነው። በዚህ ላይ ሹፌሮችንና መካኒኮችን ጠርታችሁ ብታማክሩ ከማንኛውም የቢሮ ጥናት በላይ ይነግሯችኋል።

የዓመታዊ ምርመራውንም ነገር በአጭሩ ላንሳ። ቦሎ ሲታደስ የጭስ ልኬት በመሣሪያ ይወሰድ፤ ቁጥሩ ለባለንብረቱ በወረቀት ይሰጠው፤ የጭስ ማጣሪያው በቦታው መኖሩም ይታይ። የናፍጣችን የድኝ መጠንም በየጭነቱ ተለክቶ ይገለጽ። በጊዜው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል የነበሩት አገሮች ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከ50 ፒፒኤም የማይበልጥ ናፍጣ ለመጠቀም ወስነዋል፤ ድኙ ከፍ ያለ ነዳጅ የጭስ ማጣሪያ መሣሪያዎችን ስለሚያበላሽ ያለዚህ የተሻለ መኪና ማምጣት ብቻውን ውጤቱ ትንሽ ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ለመንገድ ጠራጊ እናቶችና እህቶች ነው። ብናኙ በማይበተንበት በቀዝቃዛው ንጋት ከማንም ቀድመው ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው ሌሊቱን ያረፈውን ሁሉ በመጥረጊያ ያነሱታል። የሚያነሱት የፍሬኑን መዳብ፣ የጎማውን ዚንክ፣ የድሮውን እርሳስ ነው። አፍንጫቸው ላይ የሚያስሩት ሻሽ ትልልቁን አቧራ እንጂ ደቃቁን አይዝም። ከተማችን ንጹሕ ናት ተብላ ስትመሰገን ያ ንጽሕና በማን ሳንባ እንደሚከፈል ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከመጠረጉ በፊት መንገዱ በቀጭኑ ውኃ ይረጭ፤ ኤን 95 ጭንብል በየጊዜው እየተለወጠ ይሰጣቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሳንባ ምርመራና የደም እርሳስ ልኬት ይደረግላቸው። ትራፊክ ፖሊሶችና የታክሲ ተራ አስከባሪዎችም ቀኑን ሙሉ በዚያው አየር ውስጥ ስለሚቆሙ አብረው ይታሰቡ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ሰጥቷል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ መሥሪያ ቤቶቻችን ገደብ እንዲያወጡና እንዲቆጣጠሩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ለምጠይቀው ሁሉ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች በመጪው ጥቅምት ቢሰቀሉ የበጋው ናሙና ሳያመልጥ ይያዛል። ለናሙና ቦታ የሚሆን ግድግዳና መብራት የሚሰጡ፣ ማጣሪያ ለመቀየርና መዝገብ ለመያዝ የሚተጉ መምህራንና ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ አሉ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከነሱ መካከል ነን፤ ለዚህ ሥራ ስትጠሩን እንመጣለን። መልሳችሁ በይፋ፣ ነዋሪው ሁሉ ሊያየው በሚችልበት መንገድ እንዲሰጥ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር
አዲስ አበባ